በእንግድነት የበላሁት አታካና

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሆሳዕና ውስጥ በአንድ አዳራሽ አሸኛኘት ተደረገልን። ተሸኚዎቹ አምስት ነበርን። ጋቢ አለበሱን፣ በፍሬም የተሠራ የምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ለስላሳ ተከፈተ። ከዚያ የክብር እንግዳው ተነሳና "ሰብዓዊነት በአመራር፣ በፖለቲካና በኢኮኖሚ" ስለሚባል ነገር አርባ ደቂቃ ተናገረ። ከድሃው ጎን መቆም አለብን አለ። ሰውን ያላስቀደመ ዕድገት ዕድገት አይደለም አለ። የመሪ ጆሮ ወደ ታች መሆን አለበት አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከሁሉም ያናደደኝ ይኼ የራሴ ጭብጨባ ነው።

ሰውየው የቀድሞ አለቃዬ ነበር። ዛሬ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ነው። በወጉ "አንቱ" ልለው ይገባኝ ነበር፤ ፊት ለፊት ስንገናኝም እለዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ ግን አልችልም፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ስሙንም አልጠራም፤ እሱን ብጠራ እንደሱ ያሉት "እኛን አይደለም" ብለው ተመቻችተው ይቀመጣሉ።

ማይክራፎኑ እኔ ጋ ሲደርስ የምለው ብዙ ነበር። ግን "ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብዬ ተቀመጥኩ። ቤቴ ገብቼ ለሦስት ቀን ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ "ወይ ጻፈው ወይ ተወው፣ እኛ ምን አረግንህ?" አለችኝ። እንግዲህ እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበል።

ማርቆስ እባላለሁ። የተወለድኩት ሆመቾ አካባቢ ነው። ወላጆቼ ገበሬዎችና የወንጌል አማኞች ነበሩ። ሥራ የጀመርኩት በልማት ጣቢያ ሠራተኛነት ነው፤ ጃጁራ ሠርቻለሁ፣ ሀቢቾ ሠርቻለሁ፣ አንድ ሁለት ዓመት ደግሞ ወደ ከምባታ ተሻግሬ አንጋጫ ከርሜያለሁ። ስለ ደሞዙ ብዙ አላወራም። ጫማ ይገዛ ነበር፤ ጫማውን ደግሞ ሥራው ይጨርሰው ነበር። በኋላ "ቅድመ ማስጠንቀቂያ" ወደሚባለው የሥራ ክፍል ተዛወርኩና ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ መሀል ላይ ከክፍሉ ካባረሩኝ ዓመታት በቀር፣ እዚያው ነበርኩ።

ሥራው በቀላሉ ሲነገር፣ ረሃብ ከመድረሱ በፊት "እየመጣ ነው" ማለት ነው። ዝናቡን ታያለህ፣ ማሳውን ታያለህ፣ ገበያውን ታያለህ፣ የሕፃናቱን ክንድ በሜትር ትለካለህ፣ ከዚያ ለበላይ ትጽፋለህ። የበላይ ካመነህ እህል በጊዜው ይመጣል። ካላመነህ ወይም አንተ ራስህ ከዋሸህ ግን የሚመጣውን አልነግርህም፤ እደርስበታለሁ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ አሰፋ ናቸው። ለሳቸው አንቱታዬ ከልቤ ነው። ወላጆቻቸው ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና የከተሙ ናቸው፤ እሳቸው ግን እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ አድገው፣ ሀዲይሳውን እኔን በሚያስንቅ አኳኋን ይናገሩት ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮታቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድል ሰው ነበሩ።

አብረን መጀመሪያ የወጣን ቀን ግንቦት ነበር። መኪናው መስኮት ላይ ተደግፌ ግራ ቀኙን አየሁና "ዘንድሮስ ጥሩ ነው ጋሼ፣ አገሩ እንዴት ለምቷል!" አልኳቸው።

"በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" አሉና ሾፌሩን አስቆሙት። "ውረድ። ከዚህ በእግራችን ነው።"

"ቀበሌው እኮ ገና ሩቅ ነው።"

"ለዚህ ነዋ። መኪና ሲሰማ ሰው የተቀደደ ልብሱን ቀይሮ ይጠብቅሃል። በእግርህ ስትመጣ ግን እንዳለ ታገኘዋለህ።"

ስንደርስም በፊት ለፊት በር አልገቡም። ዞረው በጓሮ በኩል ገቡ። በእኛ አገር የአንድ ቤት ጎተራ ጓሮው ነው፤ እንሰቱ። እንሰት ደግሞ በአንድ ዓመት አይደርስም። ደህና ቤት ከሆነ ጓሮው ውስጥ እንደ ቤተሰብ ተሰልፎ ታየዋለህ፦ የዘንድሮው ችግኝ፣ የሁለት ዓመቱ፣ የአራት ዓመቱ፣ ከዚያ ቆጮና ቡላ የሚሆነው ትልቁ። ጋሽ አሰፋ በረድፉ መሀል እየተመላለሱ ግንዱን በእጃቸው ይዳብሱ ነበር።

"ቅጠሉን አትይ፣ ቅጠል ሁሉም አለው" ይሉኝ ነበር። "ሽማግሌዎቹ የት አሉ ብለህ ጠይቅ። ልጆች ብቻ የቀሩበት ጓሮ ካየህ ያ ቤት ትናንት ነገውን በልቶታል። ከመንገድ ሲታይ ግን ከሁሉ ይበልጥ አረንጓዴ እሱ ነው፣ ለጋ ነዋ!"

ከዚያ የቆጮው ጉድጓድ ጋ ሄደው የተሸፈነበትን ቅጠል ያያሉ። ደርቆ ከሆነ ቆጮው እየበሰለ ነው፤ እርጥብ ከሆነ ሳይበስል እየተቀነሰ ነው። ከዚያ ገበያ እንሄዳለን። እዚያ የሚያዩት የእህል ዋጋ ብቻ አይመስላችሁ። ሣር ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች በዝተው እንደሆነ፣ ጊደር በማይሸጥበት ወር ጊደር ወጥቶ እንደሆነ፣ የቤት ድስት ለሽያጭ መሬት ላይ ተዘርግቶ እንደሆነ ያያሉ። ድስት ለገበያ ሲወጣ ካዩ ያን ቀን ብዙ አያወሩም።

በሰው ፊት አይጽፉም ነበር። ደብተራቸውን የሚያወጡት ከቤቱ ርቀው፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። "የሰው ረሃብ ዓይኑ እያየ አይጻፍም" ይሉ ነበር። ዛሬ በየቤቱ ደጃፍ ላይ ካሜራ የሚደግኑትን ሳይ ይኼ ቃላቸው ትዝ ይለኛል።

ከሁሉ የበለጠው ልማዳቸው ግን ይኼ ነው፦ ከምናጣራው ቤት አይበሉም። ይህን ማድረግ በሌላ አገር ቀላል ሊሆን ይችላል። ሀዲያ ቤት ገብቶ "አልበላም" ማለት ግን ባለቤቱን ፊቱ ላይ መሳደብ ነው። እንግዳ መጥቶ ባዶ አፉን ከሄደ ያ ቤት ለወራት ቀና ብሎ አይሄድም። ቤት ውስጥ ከሌለ ከጎረቤት ተበድረው ያቀርቡልሃል እንጂ "የለንም" አይሉህም። ጋሽ አሰፋ ይህን ስለሚያውቁ ዘዴ ነበራቸው። ምግብ ሲቀርብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ጾም ነኝ እናቴ፣ ለሌላ ጊዜ ያብቃን" ይላሉ። ኦርቶዶክስ መሆናቸውን አገር ያውቃል፤ የሀዲያ ሰው ደግሞ የሌላውን ጾም ያከብራል። ማንም አይቀየማቸውም። ከዚያ ወጥተን ከኮት ኪሳቸው የገብስ ቆሎ ያወጣሉ፤ እየቆረጠምን እንሄዳለን።

አንድ ቀን ከፋሲካ በኋላ፣ በበዓለ ሃምሳ መሀል፣ ረቡዕም ዓርብም በማይጾምበት ሰሞን፣ እንደዚሁ "ጾም ነኝ" ሲሉ ሰማኋቸው። ውጭ ስንወጣ ሳቄ አመለጠኝ።

"ጋሼ፣ በበዓለ ሃምሳ የሚጾም ኦርቶዶክስ እርስዎን አየሁ።"

"ለውሸቱ እኔ ልጠየቅ" አሉኝ። "ቅቤዋን ግን ልጆቿ ይብሏት።" ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ፣ "የኔስ ይሁን፣ አንተ ጴንጤው ምን ብለህ ልታመልጥ ነው? አንድ ነገር ፈልግ" አሉና ሳቁብኝ።

አንድ ነገር አልፈለግሁም። እሳቸው እስካሉ ድረስ በሳቸው ጾም ተከልዬ ኖርኩ። ጡረታ ሲወጡ ሥራውን ለእኔ አስረከቡኝ፣ ጾሙን ግን ይዘው ሄዱ።

አለቃዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ አፈ ጮሌ። ሲመጣ ደስ ብሎን ነበር፤ ሥራ የሚወድ ሰው ነበርና። የሚወደው ሥራ ግን አንድ ብቻ ነበር፦ ቀበሌዎችን ከድጋፍ መዝገብ ላይ ማውጣት። አንድ ቤት ራሱን ችሏል ሲባል "ተመረቀ" ይባላል። ቃሉን ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ድሃ ያለ ጋውን ሲመረቅ እዚህ ነው ያየሁት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "በኔ ጊዜ፣ በዚህ ወረዳ፣ ተረጂ የሚባል ቃል መስማት አልፈልግም" አለ። እኛ እውነት መስሎን፣ ሰው ከተረጂነት ሊያወጣ ነው ብለን አጨበጨብን። እሱ ያወጣው ቃሉን ነው። ሰዎቹ ባሉበት ነበሩ።

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እኔ የማልታገሰው ግን ሌላ ነው፤ የተራበ እንዳለ እያወቀ እንዳይጻፍ የሚያደርገውን። ለእሱ ረሃብ የሰው ሆድ ውስጥ ያለ ነገር አልነበረም። ስሙን የሚያጠፋ ወሬ ነበር። በሪፖርት የወረዳው ምርት ጨምሯል፤ እውነትም በአንዳንዱ ቀበሌ ጨምሮ ነበር። የአንዱን ትርፍ ለሌላው በወረቀት ላይ አካፍለህ "በአማካይ ሁሉም ጠግቧል" ማለት ግን ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ነው። አማካይ ይበላል እንዴ?

ያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘገየ። ስሟን በማልጠራት አንዲት ቀበሌ ደግሞ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ገባና ትልልቁን እንሰት ፈጀው። ስሟን የማልጠራው ለሰዎቹ ስል ነው፤ "የተራባችሁት እናንተ ናችሁ?" ተብለው መጠየቅ አይወዱም። ቀበሌዋ በዚያ ዓመት "ትመረቃለች" ከተባሉት አንዷ ነበረች። ይህቺን እንኳ ድጋፉ ላይ አቆዩልኝ ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ጠራኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ ሁልጊዜ ጨለማ ነው የሚታይህ" አለኝ እየሳቀ። "ነገ አብረን ሄደን በዓይናችን እናያለን።"

ከዚያ እዚያው እፊቴ ስልኩን አነሳና ለቀበሌው ሊቀመንበር ደወለ። "ነገ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ" አለው። ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ። አወቅሁም። የተነገረው ቤት ተሰናድቶ ነው የሚጠብቀን።

በነጋታው ቅዳሜ በመኪና ሄድን። ዝናብ ያካፋ ነበር። ሊቀመንበሩ መንገድ ዳር ጠብቆ ወደ አንድ ቤት መራን። ወይዘሮ አማረች የምትባል ሴት ቤት ነው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የመጨረሻዋ ልጅ ምሕረት ገና ሁለት ዓመቷ። በመዝገባችን ላይ ስለነበረች ይህን አውቃለሁ። ቤቱ ተጠርጎ፣ ወለሉ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ ቆየን። አማረች ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ተቀበለችን፣ እጃችንን አስታጠበችን፣ አታካና አቀረበች።

ለማያውቀው ልንገር። አታካና ቡላ በቅቤና በወተት ተሠርቶ ለክቡር እንግዳ የሚቀርብ የሀዲያ ምግብ ነው። ሰርግ ላይ፣ መስቀል ላይ፣ አራስ ቤት ታገኘዋለህ። ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ ነበር። አለቃዬ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጎረሰና ወደ እኔ ዞረ።

"ይኸው!" አለኝ በአማርኛ። "እንዲህ ቅቤ የሚንሳፈፍበት ቤት ነው ተራበ ያልከኝ?"

አማረች አማርኛ ትሰማለች። ፈገግ አለችና "ብሉ እንጂ፣ ብሉ፣ ገና አለ" አለች።

እኔም ጎረስኩ። እንደጎረስኩ ምላሴ አወቀው። እኔ በእንሰት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከደረሰ እንሰት የወጣ ቡላና ከለጋ የወጣ ቡላ አይጠፋኝም። የደረሰው ይለሰልሳል፣ ይሳባል። ይኼ ውሃ ውሃ ይል ነበር፣ ቃጫው ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ሣር ሣር ይሸታል። ቅቤው ያንን ሊሸፍንልኝ አልቻለም። ሌላም ነገር አየሁ፤ ሦስት ልጅ ያለበት ቤት ነው፣ ቀኑ ቅዳሜ ነው፣ አንድም ልጅ በር ላይ የለም።

ጓሮው ከተቀመጥኩበት አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር። አልሄድኩም። ዝናብ ነው አልኩ፣ አለቃዬ ቸኩሏል አልኩ። ይኼ ሁሉ ምክንያት ነው። እውነቱ፣ እንዲህ ላከበረችን ሴት ባዶ ጓሮዋን በእንግዶች ፊት መግለጥ ነውር ሆነብኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። አማረችም ይሉኝታ ይዟት ነው ያበላችኝ። ሁለታችን በይሉኝታ ተያይዘን ቆመን፣ ይሉኝታ የሌለው ሰውዬ መሀላችን ገብቶ የፈለገውን ጻፈ። እዚያው መኪና ውስጥ "ሁኔታው መደበኛ ነው" ብሎ ነገረኝ፣ እኔ ጻፍኩ፣ እኔ ፈረምኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉሃል ይኼ ነው። ቀበሌዋ ተመረቀች።

ከሰባት ሳምንት በኋላ የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታሪኳ ደወለችልኝ።

"አቶ ማርቆስ፣ ክንድ ስለካ ውዬ ነው። አምስት ልጆች መለኪያው ቀይ ላይ ናቸው፣ ክፉኛ ከስተዋል። ከአምስቱ አንዷን ግን... ይምጡ ብቻ።"

በማግስቱ በእግሬ ሄድኩ። ያን ቀን በጓሮ በኩል ገባሁ። ሰባት ሳምንት ዘግይቼ! ረድፉ ውስጥ የቆመው ችግኝ ብቻ ነበር። ከእሱም መሀል እየተነቀለ የተበላ አለ፤ ጉድጓዱ ገና ትኩስ አፈር ነው። ከቤቱ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቦ ይዘምር ነበር። ለቅሶ ነው። ምሕረት ማለዳ ተቀብራለች።

ሰዎቹ መሀል ተቀመጥኩ። መዝሙሩ ሲያልቅ አማረች አየችኝና መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። ብትሰድበኝ ዛሬም በተሻለ እንቅልፍ እተኛ ነበር። በሀዲይሳ እንዲህ አለችኝ፦

"ያን ቀን ልጆቹን እዚያ ማዶ ሰድጄያቸው ነበር። ልጅ እንግዳ ሲበላ ካየ ዓይኑ ይለምናል። እናንተ እንዳታፍሩ ብዬ ነው። ቅቤው ከአምስት ቤት ነው የተዋጣው፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አለው። ቡላው ግን የኔው ነው።" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ "ጥሩ ነበር አይደል?" አለችኝ።

"ጥሩ ነበር" አልኳት።

በቀጥታ ሆሳዕና፣ ጋሽ አሰፋ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"በላህ?" አሉኝ።

"በላሁ።"

"ጓሮስ?"

"አልሄድኩም ጋሼ።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላጽናኑኝም፣ አልረገሙኝም። "እንግዲህ ጻፍ" አሉ። "ያለፈው ሪፖርቴ ውሸት ነው ብለህ ጻፍ። ስምህን ከሥር አታድርገው፣ ከላይ አድርገው። የቀሩት አራቱ ገና አሉ።"

እንዳሉኝ ጻፍኩ። "እኔ ማርቆስ፣ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜያለሁ" ብዬ ነው የጀመርኩት። አለቃዬ አነበበው። ፊቱ አልተለወጠም፤ የሚያስፈራውም ይኼ ነው።

"ልጅቷ የሞተችው በተቅማጥ ነው" አለኝ። "የጤናው ሪፖርት እንደዚያ ነው የሚለው።"

"የተራበ ልጅ በምን እንዲሞት ነው የሚጠብቁት? 'ረሃብ' የሚል ወረቀት ግንባሯ ላይ ለጥፋ?"

"ድምፅህን ቀንስ። ለአንዲት ሕፃን ብለህ የወረዳውን ስም ታጠፋለህ? ይኼ ወረቀት በጠላት እጅ ቢገባ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?"

ያን ጊዜ ነው ሰውየው የገባኝ። ቀይ ላይ ያሉት አራት ልጆች ነበሩ፤ እሱ የሚያየው ጠላቱን ነበር። የልጅ ሞት ለእሱ ዜና እንጂ ሞት አልነበረም። ፖለቲካ ማለት ይኼ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ። ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ። አልሰረቅኩትም፣ የራሴ ስም ነው ያለበት።

ከሱ በላይ ወዳሉት ኃላፊዎች ሄድኩ። ሦስት ቀን ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። "ስብሰባ ላይ ናቸው" እባላለሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋት ባለሙያ ለምን እንደምቀመጥ ጠየቀችኝና ቆማ አነበበችው። እስከ መጨረሻው ስታነብ ቆማ ነበር። በዚያው ሳምንት አልሚ ምግብ ተላከ፣ ከወር በኋላ እህል ተፈቀደ። አራቱ ልጆች ተረፉ። እኔ ደግሞ ለሥራው "አመቺ አይደለም" ተብዬ ንብረት ክፍል ተወረወርኩ፤ አራት ዓመት ወንበርና ጠረጴዛ ስቆጥር ኖርኩ። አለቃዬ በዚያው ዓመት አደገ። ያኔ ያስመረቃቸው ቀበሌዎች ብዛት እንደ ጀብድ ይነገርለት ነበር፤ በአሸኛኘታችን ቀንም ተነገረለት።

ወደ ሥራዬ ስመለስ የጋሽ አሰፋን ጾም ተዋስኩ። ምግብ ሲቀርብ "ጾምና ጸሎት ላይ ነኝ" እላለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሰምተው "ማርቆስ እኮ ዓመቱን በሙሉ የሚጾም ጴንጤ ሆነ" እያሉ ሳቁብኝ፤ ባለቤቴም "ቤት ስትገባ ግን ጾሙ የት ይሄዳል?" ትላለች። ይሳቁ።

ዛሬ የክፍላችን ወጣት ሠራተኞች በታብሌት ነው የሚሠሩት። ልጆቹን አልከስም፣ ጎበዞች ናቸው፤ ታብሌቱም ኃጢአት የለበትም። ታብሌቱ ግን የሚጠይቀው "በቤቱ ውስጥ ምግብ አለ?" ብሎ ነው። የሀዲያ ሴት፣ የከምባታ ሴት፣ እንግዳ ደጇ ላይ ቆሞ "ምግብ አለሽ?" ሲላት ምን ብላ እንድትመልስ ነው የምትፈልጉት? "አለ፣ ግቡ" ነው የምትለው። እነሱም "አለ" የሚለውን ይነኩና ይሄዳሉ። ከሰማይ የሚነሳ ፎቶ አለ ደግሞ አሉ፤ እሱም አረንጓዴ ነው የሚያየው። ሥራ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ስለ ሰብዓዊነት አርባ ደቂቃ አትስሙ። አሥር እርምጃ ዞራችሁ ጓሮውን እዩ። መሪውንም ይዛችሁት ሂዱ፣ ጫማው ጭቃ ይንካ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። የተፈቀደው እህል የታደለ ቀን እኔ ንብረት ክፍል ነበርኩ፤ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። እደላው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ መዝገቡን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የስንዴው፣ የዘይቱ፣ የአልሚ ዱቄቱ ልክ በቤተሰቡ ቁጥር ነው። መዝገቡ የድሮው ነበር፤ እኔ ራሴ የሞላሁት።

"ወይዘሮ አማረች። አራት ሰው" አለ።

አማረች ቀረብ አለች። "ሦስት" አለች።

"አራት ነው የሚለው እናቴ። ይኸው፣ እርስዎና ሦስት ልጆች።"

"ሦስት ነን።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝ። ጠጋ አልኩና በሀዲይሳ ቀስ ብዬ "አማረች፣ ተይ፣ ውሰጂ። መዝገቡ አራት ይላል፣ ማንም አይጠይቅሽም። ልጆቹ ይብሉት" አልኳት። ከልቤ ነበር። ያን ያህል እንኳ ልንከፍላት ይገባ ነበር።

አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ነገር ያልገባው ሰው እንደሚታይ ነው ያየችኝ።

"የሷ ድርሻ በጊዜው አልመጣላትም" አለች። "አሁን እኔ ልብላላት? እዚያ ኋላ የቆመች አለች፣ ካራስ ቤት የወጣች፣ ልጇ ገና አልተመዘገበም። ለሷ ስጧት።"

"መዝገብ ዝም ብሎ አይሰረዝም እኮ" አለ ጸሐፊው ተጨንቆ። "ማስተካከያ የሚፈርመው አለቃ ነው፣ እሱ ደግሞ ዛሬ የለም። ይውሰዱና ይሂዱልኝ፣ ሰልፉ ቆመ።"

አማረች አልወሰደችም። ከጠረጴዛውም አልተነሳችም። ከኋላዋ ያለው ሰው ማጉረምረም ጀመረ፣ ከዚያ ነገሩን ሰማና ተወው። በዚያ ወረዳ ውስጥ ያን ዓመት ሰው ሳይሞትበት፣ ሳይገደድ ውሸት ወረቀት ላይ የፈረመ ብዙ ነበር፤ አንዱ እኔ ነኝ። እሷ የማትፈርምበትን፣ የማታነበውን ወረቀት ውሸት ይዞ እንዲያልፍ አልፈቀደችም። ነጠላዋን አጥብቃ፣ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቆመች።

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ። አራቱን ሰረዘና ከጎኑ ሦስት ብሎ ጻፈ። ጎንበስ ብላ ተመለከተችው፣ "እሱ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔም "እሱ ነው" አልኳት። ከዚያ በኋላ ነው ጆንያውን የተሸከመችው።